ላቡን ለክረምት ዘግተን ስንወጣ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኬሚስትሪ ላብ ቴክኒሺያን ነኝ። አምና ሐምሌና ነሐሴ ላቡ ዝግ ስለነበር ማሽኖቹን አጥፍቼ፣ በላስቲክ ሸፍኜ ወጣሁ። መስከረም ላይ ስመለስ የኤችፒኤልሲው (ፈሳሽ ናሙናን በግፊት እየገፋ የሚለያየው ማሽን) ግፊት ጣሪያ ነካ፣ ፒኤች ሜትሩ (የአሲድነት መለኪያው) ቁጥሩ አልረጋ አለ፣ የማይክሮስኮፑ ሌንስም ሻግቶ ጠበቀኝ። አጥፍቼው አልነበር እንዴ? ዘንድሮስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ማጥፋቱንማ አጥፍተሻል፣ እህቴ። ጉዱ ያለው ውስጡ ትተሽው በሄድሽው ነገር ላይ ነው።

ኤችፒኤልሲው ውስጥ ፎስፌት በፈር (ፒኤችን የሚያረጋ ጨዋማ ፈሳሽ) ቀርቶ ይመስለኛል። ውሃው ይተንና ጨው ይቀራል፤ ጨዉ ደግሞ የፓምፑን ፒስተን ይቧጭራል፣ ኮለሙን (ናሙናው የሚለያይበትን ቱቦ) ይደፍናል። ዘንድሮ መጀመሪያ 95 በመቶ ውሃ ከ5 በመቶ ሜታኖል ጋር ቀላቅለሽ ግማሽ ሰዓት ያህል አሳልፊበት፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ 70 በመቶ ሜታኖል የምትሄጂው። ቸኩለሽ በፈሩ ላይ ቀጥታ ሜታኖል ወይም አሴቶናይትራይል ከለቀቅሽበት ጨዉ እዚያው ይዘቅጣል፤ ያኔ ባላጠብኩት ኖሮ ትያለሽ። ይሄ ሲ18 ለሚባለው የኮለም ዓይነት ነው፤ ሌላ ዓይነት ከሆነ አብሮት የመጣውን ወረቀት እዪ። ኮለሙን ፈትተሽ ሁለቱንም ጫፍ ክደኚ፣ ምን እንደሞላሽበትም ፕላስተር ላይ ጻፊ። እኔ አንዴ ሳልጽፍ ሄጄ መስከረም ላይ ስገምት ዋልኩ!

የፒኤች ኤሌክትሮዱን (ፈሳሽ ውስጥ የሚነከረው የሜትሩ ዘንግ) ክዳን 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ሙዪበት። ብዙ ሰው ንጹህ ነው ብሎ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ይተወዋል፤ የሚገድለው ግን እሱ ነው። የአምናውንም ገና አትጣዪው። እዚሁ ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ አሳድሪውና ሞክሪው፤ አንዳንዴ ይነሳል።

ላስቲክ አቧራ ይከለክላል እንጂ የክረምት እርጥበትን አይችልም፣ እንዲያውም ያፍነዋል። የማይክሮስኮፑን ሌንስ ዘይት በሌንስ ወረቀት ጥረጊና ኦብጀክቲቮቹን (ናሙናው አጠገብ ያሉትን ሌንሶች) ፈትተሽ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ካለበት ጥብቅ ዕቃ ውስጥ አስቀምጪ።

የጋዝ ሲሊንደር በራሱ ቫልቭ ይዘጋል፣ ሬጉሌተሩ (የግፊት መቆጣጠሪያው) ብቻውን አይበቃም። ሶኬቶቹንም ንቀዪ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቂዋለሽ።

ፍሪዘሩ ግን አይነቀልም። አንድ ኩባያ ውሃ አቀዝቅዢና በረዶው ላይ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጪ። መስከረም ላይ ሳንቲሙን ታች ሰምጦ ካገኘሽው በመሃል በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነው፤ ውስጡ በነበሩት ስታንዳርዶች (መጠናቸው የታወቀ ማነጻጸሪያዎች) እንዳትሠሪ።