«ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ይዘህ እንዳትነሳ

ወንድሜ፣ «ከመተሐራ እስከ ድሬዳዋ ያሉትን የተተዉ የድሮ ባቡር ጣቢያዎች ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ ዝም ብሎ መሄድ ይቻላል?» ብለህ ለጠየቅከው፣ ከላይ «ማን ይናገርሃል፣ ሂድ» ያለህን አትስማው። እኔም እንዲያ ተብዬ ነበር፤ ብጠነቀቅ ብዬ ደብዳቤ ይዤም አልዳንኩ።

1. ደብዳቤ። አዲስ አበባ አንድ ቢሮ (ስሙን አልጠራም) ሦስት ቀን ተመላለስኩ። መጀመሪያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፤ በማግስቱ ደግሞ የማህተሙን ቁልፍ የያዘችው ልጅ አልገባችም። በሦስተኛው ቀን አንዷ ቀና እንኳ ሳትል «አገራችን ስንት የሚያምር ነገር እያላት ፍርስራሽ ለማንሳት ነው የምትለፋው?» አለችኝ። ዋጥ አደረግኩት። ብቻ ደብዳቤው ወጣ፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል፣ ክብ ማህተም አለው። ፓስፖርት የያዝኩ ነበር የመሰለኝ።

መተሐራ ላይ የጠየቀኝ የለም። የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መጥቶ አስፋልቱንም ሐዲዱንም ያስጨነቀበትን ቦታ ቀኑን ሙሉ ሳነሳ ዋልኩ። በማግስቱ አዋሽ ሰባት ገባሁ። ጣቢያውን፣ አጠገቡ ያለውን የድሮ ቡፌ ሆቴል፣ የዛገውን ሐዲድ በጠዋት ብርሃን ጨረስኩ። ከዚያ ዓይኔ የባቡር ድልድዩ ላይ አረፈ። አንዴ ብቻ ነው ያነሳሁት። ጥበቃው መጣ፤ ደብዳቤዬን በኩራት ዘረጋሁለት። እስከ ታች አንብቦ «የሚመለከተውስ እኔን ነው፤ ለእኔ ግን አልተጻፈም» አለኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

እስከ ከሰዓት ድረስ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ፤ በመጨረሻ ካሜራውን ተቀብለው ካርዱን ፎርማት አድርገው መለሱልኝ። ድልድይ አይነሳም፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርና ጣቢያዎቹም እንዲሁ ያስይዛሉ። ይህን ታውቅ ይሆናል። የማታውቀው ይኼን ነው፦ ፎርማት የተደረገ ካርድ ላይ ያለው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው አይጠፋም። ሌላ ነገር ካልተጻፈበት መመለሻ ሶፍትዌር አብዛኛውን ያወጣዋል። እኔ ግን ተናድጄ ስለነበር በዚያው ካርድ፣ እልህ በሚመስል ነገር፣ እስከ ማታ ፍየልና ግራር ሳነሳ ዋልኩ። የሁለት ቀን ሥራዬን ያጠፋሁት ጥበቃው ሳይሆን እኔው ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመህ ካርዱን አውጥተህ ኪስህ ክተት፣ ሌላ አስገባ። ሦስት አራት ካርድ ያዝ፤ ማታ ማታ ገልብጥ።

2. ደብዳቤው ለማን ይጻፍ? መስመሩ ሦስት ክልል ያቋርጣል። መተሐራ ኦሮሚያ ነው፣ አዋሽ ሰባት አፋር፣ አፍደምና ኤረር ሶማሌ። የአንዱ ወረቀት ሌላው ጋ አይሠራም። በሁለተኛው ጉዞዬ በቀጥታ ወረዳ ሄድኩ፣ ከዚያ ቀበሌ፤ አንድ የሰፈር ልጅ አብሮኝ እንዲዞር ሰጡኝ። አዲስ አበባ ሦስት ቀን የፈጀብኝ እዚያ አንድ ሻይ አልጨረሰም። ድሮን ካለህ ፈቃዱ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው፤ እሱ ከሌለህ እቤት ተወው። ከሚኤሶ ወዲያ ስላለው መንገድ ደግሞ በዚያው ሳምንት ያለፈ ሾፌር ጠይቅ እንጂ እኔን አትጠይቀኝ።

3. «የተተወ ጣቢያ» ብለሃል። እኔም አፍደም ላይ እንዲያ መስሎኝ ካሜራዬን ዓይኔ ላይ እንደደገንኩ ገባሁ። ልብስ ተሰጥቷል፤ አንዲት ሕፃን አይታኝ እየጮኸች ሮጠች። የወጡት ሽማግሌ ቁጣቸው ልክ ነበር። ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ይቅርታ ስጠይቅ፣ ትንሽ ዝም ብለው «ቦንዡር» አሉኝ። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው፣ ቤታቸው ያው ጣቢያው ነው። ሻይ አፈሉልኝ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ፣ አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ 1917 መቆየቱን፣ መጀመሪያ በሐረር ያልፋል ተብሎ ተራራው ስላስቸገረ በቆላው መዞሩን፣ ድሬዳዋም በዚህ ሰበብ መቆርቆሯን የትናንት ያህል አወሩልኝ። ከዚያ የቲኬት መስኮቱን ራሳቸው ከፍተው ቆሙበት። ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ከነበረው ከዚያ ሁሉ መስመር እኔ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት ያንን አንድ ፎቶ ነው፤ ካጠፋሁት ሁሉ ይበልጥብኛል።

ስለ ሌንስ ጠይቀሃል፤ ያለህ ይበቃል። ሙቀቱ ስለማያስችል ከኅዳር እስከ ጥር ሂድ።

የምትነሳበትን ቀን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ጋሼ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ አሳጥቤ እንድልክላቸው አደራ ብለውኝ እስካሁን እጄ ላይ ነው፤ አፍደም ስትደርስ ታደርስልኛለህ።