የግብፅን ወንበር ስለ መያዝ፦ ለጥያቄሽ ከልምዴ የምሰጠው መልስ

ሰላም እህቴ። በሚቀጥለው ወር በሚካሄደው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞዴል የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ (ተማሪዎች የአገሮችን ተወካዮች ሆነው በሚከራከሩበት መድረክ) ላይ ግብፅን ወክለሽ በሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤቱ እንድትቀመጪ እንደ ተመደብሽ፣ አጀንዳውም የድንበር ተሻጋሪ ወንዞች አጠቃቀም መሆኑን ጠቅሰሽ፣ «ኢትዮጵያዊት ሆኜ ይህን አቋም እንዴት እከላከላለሁ? አገር እንዲቀየርልኝ ብጠይቅ አይሻልም ወይ? እንግሊዝኛዬስ ይበቃኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። በእንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ሦስት ጊዜ በተወካይነት፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በሰብሳቢነት ተሳትፌአለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን አንቺ የተመደብሽበት ወንበር ላይ እኔም አንድ ጊዜ ተቀምጬበት ስለ ነበር ጥያቄሽን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አጭሩ መልሴ አገር አታስቀይሪ የሚል ነው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ የኢትዮጵያ የህዳሴ ግድብ ገና በግንባታ ላይ በነበረበት ጊዜ፣ ግብፅ ለእኔ ደረሰችኝ። ጓደኞቼ ይቀልዱብኝ ስለ ነበር አፈርኩ፤ ከማፈሬም የተነሣ አቋሙን ሆን ብዬ አዳክሜ አዘጋጀሁት። ፖዚሽን ፔፐር የምንለው የአቋም ጽሑፌ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። በመክፈቻ ንግግሬም የዓባይ (ናይል) ወንዝ የግብፅ ብቻ እንደሆነ ከመናገር በቀር አንድም ማስረጃ ሳላቀርብ፣ ማንም በቀላሉ ሊያፈርሰው የሚችል ክርክር አቅርቤ ተቀመጥኩ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ፤ እኔም ለአገሬ የሠራሁ መሰለኝ። በምሳ ዕረፍት ላይ ግን ኢትዮጵያን የወከለችው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣች የሕግ ተማሪ ቀርባ አነጋገረችኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተዘጋጀችው እውነተኛውን የግብፅ ክርክር ነጥብ በነጥብ ለመመለስ እንደ ነበር፣ እኔ ግን የምትመልሰው ነገር እንዳሳጣኋት ነገረችኝ። አልተቆጣችም፤ አዝና ነበር። እኔ ባዳከምኩት ክርክር ምክንያት የአገሬ ተወካይ ያዘጋጀችውን ሁሉ ይዛ ተመለሰች፤ በአዳራሹ የነበሩት ተማሪዎችም ነገ በእውነተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚጠብቃቸውን ክርክር ሳይሰሙ ተበተኑ። ይህ ጥፋት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ አንቺ እንዳትደግሚውም ከልቤ እመኛለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ ግብፅ የምትለውን ከራሷ ሰነዶችና ንግግሮች ማንበብ ነው እንጂ፣ እኛ ስለ ግብፅ የምንለውን መሰብሰብ አይደለም። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 በተዋዋሉት ስምምነት፣ በአስዋን የሚለካውን 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አማካይ ዓመታዊ ፍሰት 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ ቀሪውን 10 ደግሞ ለትነት አድርገው እንደ ከፋፈሉት ታገኛለሽ። ኢትዮጵያ የዚህ ውል ተዋዋይ አይደለችም፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ ከአምስቱ አራቱ እጅ በላይ የሚመነጨው ግን ከእርሷ ደጋ ነው። አንዲት ኢትዮጵያዊት ይህን ስታነብ የሚሰማትን አውቀዋለሁ። ሆኖም የካይሮ ዲፕሎማት በዚህ ቁጥር ብቻ አይከራከርም፤ ሕዝቡ ከመቶ ሚሊዮን በላይ እንደሆነ፣ ዝናብ ከሞላ ጎደል እንደሌለው፣ የነፍስ ወከፍ የውኃ ድርሻውም የውኃ ድህነት መለኪያ ተደርጎ ከሚጠቀሰው በዓመት 1000 ሜትር ኩብ በእጅጉ እንደሚያንስ ያስረዳል፤ ከዚያም «ጉልህ ጉዳት ያለማድረስ» የሚለውን መርሕ ያነሣል። የኢትዮጵያ ተወካይ ደግሞ «ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም» በሚለው መርሕ ትመልስልሻለች። ሁለቱም መርሖዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የውኃ መስመሮች ኮንቬንሽን ውስጥ አሉ፤ አንዱ አንቀጽ 7፣ ሌላው አንቀጽ 5 ነው። ኮንቬንሽኑ በጠቅላላ ጉባኤው ሲጸድቅ ግብፅም ኢትዮጵያም ድምፀ ተአቅቦ ማድረጋቸውን በንግግርሽ ብታነሺ፣ አዳራሹ ጆሮውን ይሰጥሻል።

ከሁሉ አብልጠሽ ጊዜ እንድትሰጪው የምመክርሽ የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን ነው፤ ምክንያቱም ዲፕሎማሲ በጥቂት ቃላት ላይ እንዴት እንደሚቆም ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም። ድርድሩ ብዙ ዓመት ከፈጀ በኋላ የተሰናከለው በአንቀጽ 14 ለ ላይ ነው። የላይኛው ተፋሰስ አገሮች የየትኛውንም የተፋሰሱን አገር የውኃ ደኅንነት በጉልህ አለመጉዳት የሚል ሐረግ ሲቀበሉ፣ ግብፅና ሱዳን በዚያ ላይ «አሁን ያሉትን አጠቃቀሞችና መብቶች» የሚሉ ቃላት ይጨመሩ አሉ። ጭማሪው ቢገባ ኖሮ የ1959ኙ ድልድል በጓሮ በር ተመልሶ በገባ ነበር፤ ስለዚህ እነ ኢትዮጵያ አልተቀበሉትም፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 በኡጋንዳ ከተማ ኢንቴቤ ላይ ግብፅና ሱዳን በሌሉበት ፈረሙ፤ ስምምነቱም በጥቅምት 2024 በሥራ ላይ ዋለ። በሰብሳቢነት በመራሁት አንድ ጉባኤ ላይ ግብፅን የወከለ ተማሪ ይህን ጠንቅቆ አውቆ ስለ ነበር፣ «መብቶች» የሚለውን ቃል ትቶ «አጠቃቀሞችን ከግምት ውስጥ በማስገባት» የሚል ሐረግ ይዞ መጣ። የኢትዮጵያና የኡጋንዳ ተወካዮች በአንዲት ሐረግ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ሲከራከሩ፣ አዳራሹ ውስጥ የተሰላቸ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ሐረጉ «የአሁንና የወደፊት» በሚሉ ቃላት ታጅቦ ገባ፤ ሁለቱም ወገኖች ወደ ዋና ከተማቸው ይዘውት ሊመለሱ የሚችሉት ነገር ነበር።

ሊያስጨንቅሽ የሚችለውን ጥያቄም አስቀድሜ ልንገርሽ። ግብፅ የህዳሴ ግድቡን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 እና በሐምሌ 2021 ወደ ተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ወስዳለች፤ የኢትዮጵያ አቋም ደግሞ ጉዳዩ በአፍሪካ ኅብረት መድረክ ይታይ የሚል ነበር፤ ምክር ቤቱም በመስከረም 2021 ባወጣው የፕሬዚዳንት መግለጫ ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ በኅብረቱ ሊቀ መንበር ጋባዥነት ወደ ድርድሩ እንዲመለሱ አበረታቷል። አንቺ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ተቀምጠሽ «ይህን ቤት ካመናችሁት ለምን ወደ ኒው ዮርክ ሄዳችሁ?» የሚል ተወካይ መነሣቱ አይቀርም። የሚያዋጣው መልስ የኪንሻሳው የሚያዝያ 2021 ድርድር ያለ ውጤት ማብቃቱን መጥቀስና ኒው ዮርክ የኅብረቱን ሂደት እንዲያግዝ እንጂ እንዲተካ እንዳልተጠየቀ ማስረዳት ነው። ግብፅ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2014 ከኅብረቱ እንቅስቃሴ ታግዳ እንደ ነበርም እወቂ፤ አንድ ሰው በድንገት ቢያነሣው እንዳትደነግጪ።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልልም፤ የጉባኤው ደንብ አስቀድሞ ይላክልሻል። አንድ ስሕተት ግን ደጋግሜ ስላየሁ ላንሣው፤ ከሞዴል የተባበሩት መንግሥታት የመጡ ተማሪዎች ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት በሁሉም ቦታ ያለ ይመስላቸዋል። በአፍሪካ ኅብረት ውስጥ እንዲህ ያለ መብት የለም፤ የሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤቱ በጋራ ስምምነት ይወስናል፤ ይህ ካልተቻለ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ብቻሽን የምታግጂው ነገር አይኖርም፤ ወዳጅ ማፍራት ግዴታሽ ነው። ወዳጅ የሚፈራው ደግሞ በማይክሮፎን ፊት ሳይሆን ሰብሳቢው ስብሰባውን ለነጻ ውይይት ሲበትነው፣ በኮሪደርና በሻይ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። በመጀመሪያው ዕረፍት ከሱዳን ተወካይ ጋር ተቀመጪ፤ ከዚያ ወዲያው ወደ ኢትዮጵያ ተወካይ ሂጂ። ብዙዎች ይህን ሁለተኛውን ይፈሩታል፤ እኔ ግን ረቂቅ ውሳኔ ሆኖ የወጣ ሥራ ሁሉ ከተቃራኒው ወገን ጋር በጊዜ የተነጋገረ ሰው ሥራ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

እንግሊዝኛሽን በተመለከተ አትስጊ። በሰብሳቢነት ስቀመጥ የማዳምጠው አነጋገሩን ሳይሆን ሐሳቡ መድረሱን ነበር። የመክፈቻ ንግግርሽን ከዘጠና ሰከንድ ሳታስረዝሚ በእጅሽ ጻፊው፤ ጮክ ብለሽም ደጋግመሽ አንብቢው። የሚያስቸግርሽ ንግግሩ ሳይሆን የረቂቅ ውሳኔው አጻጻፍ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ሰነዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው፤ የመግቢያው አንቀጾች «በማስታወስ»፣ «በመገንዘብ» እያሉ ይደረደራሉ፤ የውሳኔው አንቀጾች ደግሞ «ይጠይቃል»፣ «ያሳስባል» በሚሉ ግሶች ይጀምራሉ። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ማኖር ስለ ለመድን፣ እነርሱ ከግሱ ሲጀምሩ እጃችን ይተሳሰራል። እኔን የረዳኝ አንቀጹን መጀመሪያ በአማርኛ ጽፌ ግሱን ከለየሁ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር ነበር። የኅብረቱ መመሥረቻ ሕግ በአንቀጽ 25 የሥራ ቋንቋዎችን ሲዘረዝር፣ ከተቻለ በሚል ቅድመ ሁኔታ፣ መጀመሪያ የጠቀሰው የአፍሪካ ቋንቋዎችን ነው፤ የተማሪዎች ጉባኤዎቻችን ይህን አንድ ቀን ቢሞክሩት እጅግ ደስ ይለኛል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ንግግርሽ በስልክ ተቀርጾ፣ ያለ ዐውዱ ተቆርጦ ሊሰራጭ ይችላል፤ ይህ የደረሰበት ተማሪ አውቃለሁ፤ ለሳምንታት ሲሰደብ ሰንብቷል። ስለዚህ የአገሪቱ ስም የተጻፈበት ታርጋ ሁልጊዜ ከፊትሽ ይሁን፤ ንግግርሽንም «የግብፅ ልዑክ» በሚል ቃል ጀምሪ እንጂ «እኔ» አትበይ። አዘጋጆቹም የቪዲዮ ደንብ እንዲያወጡ ከአሁኑ በጽሑፍ ጠይቂ። ለቤተሰብሽም ምን እንደምትሠሪ አስቀድመሽ አስረጂ፤ እናቴ ያኔ ነገሩን ከሰው ሰምታ ተጨንቃ ነበር።

የአቋም ጽሑፉን ከሁለት ገጽ ሳታስበልጪ በዚህ ሳምንት ረቂቁን ጨርሺው፤ በመጨረሻውም ላይ ግብፅ እንዲጠየቋት የማትፈልጋቸውን ሦስት ጥያቄዎች ለራስሽ ጽፈሽ አስቀምጪ። ረቂቁን ከላክሽልኝ አንብቤ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ፤ በተለይ የአንቀጽ 14 ለን ሐረግ በምን ቃላት ልታቀርቢው እንዳሰብሽ ማየት እፈልጋለሁ።