መልስ፦ ባቡሬ ፎቶ ላይ አሻንጉሊት የሚመስለው ለምንድን ነው?

ወዳጄ፣ ግቢህ ውስጥ የዘረጋኸው ሞዴል ባቡር ፎቶ ላይ አሻንጉሊት እየመሰለ አስቸግሮሃል። እኔ ከካሜራህ በፊት አቋቋምህን ነው የምጠረጥረው። ቆመህ ነው የምታነሳው አይደል? ከላይ ወደ ታች ሲታይ የትኛውም ሞዴል አሻንጉሊት ነው።

ባቡርህ 1 ለ 22.5 ከሆነ፣ ማለትም ከእውነተኛው ባቡር 22.5 ጊዜ የሚያንስ ከሆነ፣ 1.70 ሜትር የሚረዝም ሰው በዚያ ልክ ሲያንስ 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሌንስህ እዚያ ትንሽ ሰው ዓይን ድረስ መውረድ አለበት። በስልክ ከሆነ ገልብጠህ ያዘው፤ ሌንሱ ከታች ሆኖ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። ልብስህ አፈር በአፈር ይሆናል፣ ምን ታደርገዋለህ!

ሌላው ጣጣ ብዥታ ነው። በጣም ቀርበህ ስታነሳ የባቡሩ አፍንጫ ጥርት ይልና ከኋላ ያሉት ፉርጎዎች ይደበዝዛሉ። ዓይን ይህን ሲያይ ዕቃው ትንሽ መሆኑን ወዲያው ይነቃል። በካሜራ ከሆነ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበህ ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 16 ላይ አድርገው (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል፣ ጥርት የሚለውም ይበዛል)፤ ትንሽ ራቅ ብለህ አንሳና ዙሪያውን በኋላ ቁረጠው። ብርሃን ስለሚያንስህ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ተጠቀም፣ ባቡሩንም አቁመው። የስልክ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ በዚህ በኩል ስልክ ይቀላል።

ሰዓቱ ጠዋት ወይም አመሻሽ ይሁን። የቀትር ፀሐይ መንኮራኩሮቹን ጥላ ውስጥ ትቀብራቸዋለች።

የማንሻውን ቁልፍ ከመጫንህ በፊት ደግሞ ከኋላ ያለውን እይ። የውሃ ጎማ፣ የወንበር እግር፣ ሐዲዱ ላይ የወደቀ አንድ ሰፊ ቅጠል ልፋትህን ገደል ይከተዋል። እኔ ብሩሽ ሳልይዝ አልወጣም።