ዊንግ ኮማንደር ላይ ሆን ብሎ መሸነፍ፦ ለጠየቅከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። «የመጀመሪያውን ዊንግ ኮማንደር፣ የድሮውን የጠፈር ውጊያ ጌም፣ እየተጫወትኩ ነው፣ ሆን ብዬ ሚሽን ብሸነፍ ጌሙ ያልቅብኛል ወይስ ሌላ ነገር ይመጣል? ልፋቱስ ያዋጣል ወይ?» ነው ያልከው። አብሽር፣ አያልቅብህም። እንዲያውም ብዙ ሰው ያላየው የጌሙ ክፍል ያለው እዚያ ነው። እኔ እስከ መጨረሻው ተሸንፌ አይቼዋለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ የተጫወትኩት ደሴ፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ክረምት ነበር። ከጦሳ የሚወርደው ጉም መስኮቱን ይሸፍነዋል፣ እኛ ጋቢ ተከናንበን አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ፊት ተቀምጠናል፣ መብራቱ ደግሞ ይመጣል ይሄዳል። ጌሙን ካወቅከው ሴቭ የሚደረገው በሚሽኖች መሃል ብቻ ነው፣ መኝታ ክፍሉ ገብተህ አልጋ ላይ ስትጫን። ሚሽን መሃል መብራት ከሄደ ሁሉም ነገር ጠፋ ማለት ነው። ኤንዮ በሚባለው የመጀመሪያው የኮከብ ሲስተም ላይ፣ ሁለተኛው ሚሽን፣ ድሬይማን የምትባለውን ጭነት መርከብ ማጀብ ነበረብን። ተመታችብን። እኔ እንደገና እንጀምረው ስል የአክስቴ ልጅ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቶ «መብራቱ ሳይሄድ ይቺኑ ሴቭ እናድርጋት፣ ተሸንፈንም ቢሆን እንቀጥል» አለኝ።

ቀጠልን። መርከባችን ታይገርስ ክሎው ጌትዌይ ወደሚባል ሲስተም ሄደች። በሳምንቱ ኮምቦልቻ የሚኖር ጓደኛችን መጣና ከኤንዮ ቀጥሎ ያለው ማክኦሊፍ ነው አለን። ውሸታም አልነው። ቡና እስኪፈላ፣ ከአቦል እስከ በረካ ተከራከርን። በመጨረሻ እሱ የሱን አጨዋወት እኛ የኛን ስናስተያይ ነው የገባን፦ እሱ አሸንፎ ሄዷል፣ እኛ ተሸንፈን። ሁለታችንም ትክክል ነበርን። ያን ቀን ይህን ጌም ወደድኩት።

አሁን አሠራሩን ልንገርህ። ጌሙን ኦሪጅን ሲስተምስ በ1990 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው፣ ዋናው ሠሪ ክሪስ ሮበርትስ። ታሪኩ በ2654 ቬጋ በሚባል የጠፈር ቀጠና ውስጥ፣ ድመት ከሚመስሉት ኪልራቲዎች ጋር የሚደረግ ጦርነት ነው። ሚሽኖቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ናቸው። እያንዳንዱ ሲስተም ጥቂት ሚሽኖች አሉት፣ ለፈጸምከው ግዳጅ ሁሉ ጌሙ በውስጡ ነጥብ ይይዛል፣ ሲስተሙ ሲያልቅ ደምሮ በአሸናፊው ወይም በተሸናፊው መንገድ ይልክሃል። ነጥቡን አያሳይህም። ስለዚህ አንድ ሚሽን ብቻ ተሸንፈህ ሌላውን ጥሩ ከሠራህ የአሸናፊው መንገድ ላይ ልትቀር ትችላለህ። መሸነፍ ከፈለግክ ሲስተሙን በሙሉ ተሸነፍ። ኤንዮ ሁለት ሚሽን ብቻ ስለሆነ ለመጀመር እሱ ይቀላል።

እንዴት ትሸነፋለህ? አንዱ መንገድ ኮንትሮልና ኢ ተጭኖ ኢጀክት ማድረግ ነው። አውሮፕላንህን ትተህ ትወጣለህ፣ ያነሡሃል፣ ግዳጁ ሳይፈጸም ይቀራል። የመጀመሪያ ጊዜ ስታደርገው ጎልደን ሰን የሚባል ሜዳልያ ይሰጡሃል፣ ከአደጋ ተርፎ ለሚመለስ አብራሪ የሚሰጥ ነው። ሌላው ደግሞ ናቭ ፖይንቶቹን፣ ማለትም እንድትደርስባቸው የታዘዝካቸውን ነጥቦች፣ ሳትጎበኝ ዞረህ መመለስና እንድታርፍ ፈቃድ መጠየቅ ነው። አለቃህ ኮሎኔል ሃልሲዮን ይቆጣሃል እንጂ አያባርርህም። ሦስተኛው ወጥተህ መዋጋት፣ ግን የምታጅባትን መርከብ አለማዳን ነው። አትሙት ብቻ። ከሞትክ የቀብርህን ሥነ ሥርዓት ያሳይሃል፣ ሬሳ ሣጥንህ ወደ ጠፈር ይወጣል፣ እዚያው ያበቃል።

የኔን ሐሳብ ከጠየቅከኝ ሦስተኛውን ምረጥ። ገና ከመርከቧ እንደወጣህ ኢጀክት ካደረግክ ቶሎ መጨረሻው ትደርሳለህ፣ ነገር ግን ምንም አይሰማህም። እኔ ድሬይማኗን ሆን ብዬ የተውኳት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ድራልቲ የሚባሉት የኪልራቲ ተዋጊ አውሮፕላኖች፣ ከላይ ሲታዩ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ የሆኑት፣ ዞረው ሲመጡባት ጣቴ ተኩሱ ላይ ነበር። አልተኮስኩም። ስትፈነዳ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፣ ጌም መሆኑንም አውቃለሁ፣ ግን ለመመለስ አውቶፓይለቱን ቶሎ መጫን አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ጌትዌይ ላይ የምትዋጋው ሌላ ዓይነት ውጊያ ነው፣ ያጠፋኸውን ለመካስ ትበራለህ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዊንግማንህን ይዘህ አትሸነፍ። እዚህ ጌም ላይ አብሮህ የሚበር ሰው ከሞተ ሞተ ነው፣ ቀጣይ ሚሽን ላይ ተመልሶ አይመጣም። ቀብሩን ታያለህ፣ በኋላ ከሱ ጋር መብረር የነበረብህን ሚሽን ብቻህን ትወጣለህ። እኔ ስፒሪትን ያጣኋት እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ሚሽን ካንተ ጋር የምትበረው እሷ ናት። እኔ ጥግ ይዤ እስክንሸነፍ ስጠብቅ እሷ ግን የምሯን ትዋጋ ነበር። ፊቷ ኮክፒቱ ትንሿ ስክሪን ላይ መጣ፣ ከዚያ ስክሪኑ ተረበሸ። መዝናኛ ክፍሉ ገብቼ የአብራሪዎቹ ውጤት የሚጻፍበትን ሰሌዳ ሳይ ከፋኝ። በእውነት ነው የምልህ። ስለዚህ ለመሸነፍ ከወሰንክ አስቀድመህ ሲ የምትለዋን ቁልፍ ተጫንና በሬዲዮ ወደ መርከቧ እንድትመለስ እዘዛት፣ ከዚያ ብቻህን የፈለግከውን አድርግ። ማኒያክ የሚባለው አብራሪ ከሆነ የተመደበልህ ግን ትእዛዝ መስማት አይወድም፣ አብሮህ ይንገላታል።

ያዋጣል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ በጣም። የተሸናፊው መንገድ የራሱ ሲስተሞች፣ የራሱ ሚሽኖች አሉት፣ በመሃል ጦርነቱ የት እንደደረሰ የሚያሳዩ ትዕይንቶችም ይለያሉ። መዝናኛ ክፍል ያሉት አብራሪዎችና አስተናጋጁ ሾትግላስ የሚሉህ ነገርም እንደምትገኝበት ቦታ ይቀየራል፣ ሳታናግራቸው አትለፍ። መሃል ላይ በርትተህ ካሸነፍክ ወደ ጥሩው መንገድ መመለስ ትችላለህ። እኔ ከሁሉ የምወደው አጨዋወት ይሄ ነው፦ ኤንዮን ተሸንፎ፣ ከጌትዌይ ጀምሮ እየታገሉ መውጣት። ሁለቱን ጫፎች ለማየት ከፈለግክ ግን ኤንዮ ላይ ሁለት የተለያየ አልጋ ላይ ሴቭ አድርግ። ባሸነፍከው ሄደህ ቬኒስ ላይ የኪልራቲዎቹን ዋና ጣቢያ ታወድማለህ። በተሸነፍከው ሄደህ ሄልስ ኪችን ትደርሳለህ፣ ታይገርስ ክሎው ቬጋን ለጠላት ትታ ስታፈገፍግ ታያለህ። ያቺን ማፈግፈግ ያየሁ ቀን ላፕቶፑን ዘግቼ ውጭ ወጣሁ።

ኩራሳዋ ከደረስክ ደግሞ ሳትፈልግም ልትሸነፍ ትችላለህ። ራላሪ የምትባል የተማረከች መርከብ ጠብቅ ይሉሃል፣ ራሷን መከላከል አትችልም፣ ጠላት ደግሞ እሷ ላይ ነው የሚረባረበው። ስንት ሰው እዚያ ላይ አሥር ጊዜ እየመለሰ ተማርሮ ጌሙን ትቶታል። አንተ አትመልሰው። ተሸንፈህ ቀጥል።

የድሮ ጌሞችን በአሁን ኮምፒውተር የሚያስኬደው ዶስቦክስ ላይ ከሆንክ፣ ውጊያው ውስጥ ሁሉም ነገር እንደ ጥይት ከፈጠነብህ ጌሙ በድሮ ኮምፒውተር ፍጥነት የተሠራ ስለሆነ ነው። ኮንትሮልና ኤፍ11 እየተጫንክ ቀስ አድርገው፣ በጣም ከዘገየ በኮንትሮልና ኤፍ12 መልሰው። ይህን ሳታስተካክል አትጀምር፣ አለዚያ ሆን ብለህ ተሸነፍክ ወይስ ፍጥነቱ አሸነፈህ አታውቀውም። ጌትዌይ ስትደርስ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ስፒሪት አብራህ ካለችም ንገረኝ።