ቡጢያቸው ለማይከብድ የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች

ውድ ወጣት ቦክሰኞች፣

በከባድ ሚዛን ከሚለማመዱ ወጣቶች መካከል እጃቸው ፈጣን፣ ዓይናቸው ንቁ፣ እግራቸው ቀላል ሆኖ ሳለ ተጋጣሚያቸውን በዝረራ መጣል የማይሆንላቸው ሁልጊዜ አሉ፤ ብዙዎቹም ከልምምድ በኋላ ሌላው ሰው እስኪወጣ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በዚህ ቡጢ የትም እደርሳለሁ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ከ40 ዓመት በላይ፣ በመጀመሪያ በተፋላሚነት፣ ቀጥሎም በአሰልጣኝነት ስሠራ ለዚህ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ አንድ ዓይነት አልነበረም። ጀማሪ አሰልጣኝ ሳለሁ «ጉልበት በሥራ ይመጣል፣ አትጨነቅ» እል ነበር፤ ቆይቶ ደግሞ «ችሎታ ካለህ ጉልበት አያስፈልግህም» ማለት ጀመርሁ። ሁለቱም ትክክል እንዳልነበሩ አሁን ስለማውቅ፣ ያኔ ለሌሎች በወጉ ያልመለስሁትን ለእናንተ ለመመለስ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልሴ እንደሚከተለው ነው። በዝረራ የማታሸንፉ ብትሆኑም የዓለም ሻምፒዮን ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ የሆኑም አሉ። ነገር ግን እያንዳንዷን ድል የምታገኟት ቡጢው ከሚከብድ ሰው በበለጠ ዋጋ ነው፤ የምትከፍሉትም ከእግራችሁ ነው፤ እግር ደግሞ ከእጅ ቀድሞ ያረጃል። ስለዚህ «ማሸነፍ እችላለሁን?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ስንት ጊዜ፣ እስከ ስንት ዓመቴ ድረስ?» የሚለው ይበልጥ ሊያሳስባችሁ ይገባል።

ሂሳቡን ላሳያችሁ። የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ 12 ዙር፣ እያንዳንዱም ዙር 3 ደቂቃ ስለሆነ ድምሩ 36 ደቂቃ ይሆናል። ቡጢው የሚጥል ተጋጣሚ ከዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንዲት ሰከንድ ብቻ ብትሳካለት ይበቃዋል፤ እናንተ ግን ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ድረስ ንቁ መሆን አለባችሁ። በ1994 ላስ ቬጋስ ውስጥ የ45 ዓመቱ ጆርጅ ፎርማን ከማይክል ሙረር ጋር ሲገጥም ዘጠኝ ዙር ሙሉ ቡጢ ሲቀበል ቆይቶ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ ተበልጦ ነበር፤ በ10ኛው ዙር ቀኝ እጁ በትክክል አረፈችና ሙረር ተዘረረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው፤ ሙረር ራሱ ደካማ ቡጢ አልነበረውም፣ ይልቁንም ሲያሸንፍ ቆይቶ የፎርማን ቀኝ እጅ በሚደርስበት ቦታ ላይ ቆመ። በሌሎች ሚዛኖች ቢያንስ ተጋጣሚያችሁ በኪሎ ይመጥናችኋል። በፕሮፌሽናል ቦክስ ግን ከ90.7 ኪሎ በላይ ጣሪያ ስለሌለ፣ ከእናንተ 20 ኪሎ የሚበልጥ ሰው በሕጋዊ መንገድ ፊታችሁ ይቆማል።

ይህን ሁሉ እያወቀ መንገዱን የመረጠ ሰው ካስፈለገ ክሪስ በርድን ተመልከቱ። በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ ያገኘው በ75 ኪሎ ሲሆን፣ ወደ ከባድ ሚዛን የመጣውም ግራ እጁንና ወገቡን ይዞ እንጂ ጉልበት ይዞ አልነበረም። ቡጢው እጅግ ይፈራ የነበረውን ዴቪድ ቱዋን በ2001 በነጥብ አሸነፈ፤ በቀጣዩ ዓመትም ኢቫንደር ሆሊፊልድን በነጥብ ረትቶ የዓለም አቀፉን የቦክስ ፌዴሬሽን (አይ ቢ ኤፍ) የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወሰደ። በ2004 በኪሎ እጅግ የሚበልጠው ጃሚል ማክላይን በሁለተኛው ዙር ጣለው፤ በርድ ግን ተነሥቶ፣ የቀሩትን ዙሮች እየሸረሸረ፣ በድምፅ ብልጫ ቀበቶውን አስጠበቀ። ሆኖም በዚያው ሰው ታሪክ ውስጥ የመንገዱ ወሰንም ይታያል፤ ረጅምም፣ ከባድም፣ ባለ ችሎታም የነበረው ቭላድሚር ክሊችኮ በ2000 በነጥብ፣ በ2006 ደግሞ በሰባተኛው ዙር አሸንፎታል። ችሎታ ጉልበትን ሊረታ ይችላል፤ ጉልበት፣ ቁመትና ችሎታ በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ ግን በችሎታ ብቻ የሚሞላ ክፍተት አይቀርም። ከዚህ ዓይነት ሰው ጋር ከመግጠም የሚጠነቀቅ ሁሉ የሚሸሽ እንዳይመስላችሁ፤ ጊዜውን መምረጥም የአሰልጣኝ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቡጢው ራሱ ልምጣ፤ ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነውና። ጉልበት ከእግር መዳፍ ተነሥቶ፣ በዳሌ ዞሮ፣ በትከሻ አልፎ ጡንቻው ወደሚጠነክርበት ጡጫ ይደርሳል። አሰልጣኝ በመንገድ ላይ የሚባክነውን ሊያስቀር ይችላል፤ ተፈጥሮ ያልሰጠችውን ፍንዳታ ግን ሊጨምር አይችልም። እኔ ይህን ለመቀበል ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ያስተማረኝም የራሴ ጥፋት ነው። በእጄ የነበረ አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ በጃቡ፣ ማለትም በፊተኛው እጁ በሚሰነዝረው ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ ብቻ ዙር የሚያሸንፍ። ቡጢው አልከብድ ሲለኝ ብረት አስነሣሁት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ኪሎ ጡንቻ ጨመረ፣ እኔም በመለማመጃ ጆንያው ላይ የሚሰማውን የቡጢ ድምፅ እየሰማሁ ደስ አለኝ። በግጥሚያ ላይ ግን ከአምስተኛው ዙር በኋላ እግሩ አልታዘዘው አለ፤ ቀድሞ የማይነኩት ሰዎች ይመቱት ጀመር፤ የጨመረው ጉልበትም ቢሆን አንድ ሰው እንኳ አልጣለለትም። ያ ልጅ የነበረውን አጥቶ ያልነበረውን ሳያገኝ ቀረ፤ ጥፋቱም የእርሱ ሳይሆን የእኔ ነበር።

እንግዲህ የሚያስፈልጋችሁ የሚጥል ቡጢ ሳይሆን የሚያስቆም ቡጢ ነው። ተጋጣሚያችሁ ቡጢያችሁ ምንም እንደማያደርገው ካረጋገጠ ሦስት ተቀብሎ አንድ ለመስጠት ይገባል፤ በዚያን ጊዜ የቱንም ያህል ብታመልጡ መድረኩ እየጠበበባችሁ ይሄዳል። በገባ ቁጥር አንድ ነገር እንደሚያመው ካወቀ ግን ከመግባቱ በፊት ያስባል፤ የሚያስብበት ግማሽ ሰከንድም የእናንተ ጊዜ ነው። ይህ ዓይነቱ ቡጢ በልምምድ ይገኛል። ሰውየው ወደ ፊት በሚራመድበት ቅጽበት ብትመቱት የራሱ ክብደት በእናንተ ቡጢ ላይ ይደመራል። ጎድኑንና ጉበቱ ያለበትን የቀኝ ጎኑን ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጀምራችሁ ብትጎበኙ ውጤቱ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ዙር እጆቹ ሲወርዱ ይታያል። ሦስትና አራት ቡጢ በምታከታትሉበት ጊዜም የመጨረሻዋን እግራችሁን ለአፍታ መሬት ላይ ተክላችሁ ጣሏት፤ ቀላል ቡጢ ያላቸው ልጆች ትልቁ ስሕተታቸው እየተንሳፈፉ መምታት ነው። የጓንቱን ውስጠኛ ክፍል አስነክቶ ጥፊ እንደ መስጠት ያለው መምታትም ድምፅ ያወጣል እንጂ ጠንቃቃ ዳኛ አይቆጥረውም።

የኦሌክሳንደር ኡሲክን የግንቦት 2024 የሪያድ ግጥሚያ በዚህ ዓይን ደግማችሁ እዩት። ኡሲክ ከከባድ ሚዛን በታች ካለው ከክሩዘር ሚዛን ስለመጣ ከባዶቹን አይጥልም የሚሉት ብዙዎች ነበሩ፤ ታይሰን ፉሪም በቁመትም በኪሎም እጅግ ይበልጠው ነበር። በዘጠነኛው ዙር ግን በአንድ ቡጢ ሳይሆን በተከታታይ ቡጢ አንገዳገደውና ፉሪ ገመዱ ላይ ሲደገፍ የመድረኩ ዳኛ እንደ ወደቀ ሰው ቆጠረበት፤ እንዲህ የተቆጠረበት ሰው ዙሩን የሚያጣው በአንድ ተጨማሪ ነጥብ ነው። ከሦስቱ የነጥብ ዳኞች አንዱ 115 ለ112 ለኡሲክ፣ አንዱ 114 ለ113 ለፉሪ፣ ሦስተኛው 114 ለ113 ለኡሲክ ሰጡ። ከሦስተኛው ዳኛ ወረቀት ላይ ያችን የቆጠራ ነጥብ ብታነሡ ግጥሚያው እኩል ለእኩል ይወጣ ነበር። በዝረራ የማይታወቅ ሰው የዓለምን ቀበቶዎች ሁሉ የሰበሰበው በዚያች ባጠራቀማት ቡጢ ነው።

ጉልበት ባይኖርም ጉልበት የመመኘት ፈተና ግን አለ፤ እርሱም በጣም የሚከፋው በምታሸንፉበት ሰዓት ነው። በሰኔ 1941 ኒው ዮርክ ውስጥ ቢሊ ኮን ከዓለም ሻምፒዮኑ ከጆ ሉዊስ ጋር ሲገጥም ከከባድ ሚዛን በታች ካለው ከቀላል ከባድ ሚዛን የመጣ ነበር፤ ሉዊስ ከ10 ኪሎ በላይ ይበልጠዋል። ኮን በፍጥነቱ እየተጠቀመ ከ12 ዙር በኋላ በሁለት ዳኞች ነጥብ መርቶ፣ በሦስተኛው እኩል ነበር። ግጥሚያው 15 ዙር ስለነበረ ሳይዘረር ከቀሩት ሦስት ዙሮች አንዱን ብቻ ቢያሸንፍ ይበቃው ነበር። በ12ኛው ዙር ሉዊስን ስላንገዳገደው ግን በ13ኛው ሊጥለው ገባና፣ ዙሩ ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ራሱ ተዘረረ። እኔ ኮንን አልወቅሰውም፤ በ23 ዓመቱ ሉዊስ ሲንገዳገድ አይቶ የሚያፈገፍግ ሰው ብዙ አይገኝም። ነገር ግን የእናንተ አሰልጣኝ ለዚያች ሰዓት የሚሆን አንድ ቃል አስቀድሞ ከእናንተ ጋር ተስማምቶ ሊይዝ ይገባዋል፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ ረጅም ምክር አይሰማምና።

በነጥብ የሚኖር ሰው በሌላ ሰው እጅ እንደሚኖርም አስቡ። ጂሚ ያንግ በ1976 ከመሐመድ አሊ ጋር ሲገጥም ቡጢ ለማምለጥ ጭንቅላቱን በተደጋጋሚ ከገመዱ ውጭ ያወጣ ነበር፤ ከተመልካች ብዙዎች ያሸነፈ ቢመስላቸውም ዳኞቹ ለአሊ ሰጡት። ማምለጥ ብቻውን ዙር አያሸንፍም፤ ካመለጣችሁ በኋላ ወዲያው መልሳችሁ ካልመታችሁ ዳኛው ያየው ሽሽት ብቻ ነው። ያንግ በመጋቢት 1977 ሳን ሁዋን ላይ ፎርማንን የገጠመው ከዚያ ትምህርት ወስዶ ይመስለኛል፤ በሰባተኛው ዙር ክፉኛ ቢመታም ጸንቶ፣ በ12ኛው ዙር እንዲያውም ፎርማንን ጥሎት በነጥብ አሸነፈ፤ ፎርማንም ከዚያ በኋላ ለ10 ዓመት ያህል ከቦክስ ራቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር ግን ያንግ ከኬን ኖርተን ጋር 15 ዙር ተጋጥሞ በተከፋፈለ ድምፅ ተሸነፈ፤ የዓለም የቦክስ ምክር ቤት (ደብሊው ቢ ሲ) የሻምፒዮንነት ማዕረግም በቀጣዩ ዓመት ለኖርተን ተሰጠ። ስለ ገበያው ብዙ አልልም፤ አዘጋጆች ዝረራ ይወዳሉ፣ ለማሸነፍ አስቸጋሪ ሆኖ ለማየት የማይማርክን ቦክሰኛ ሁሉም ይሸሸዋል። መፍትሔው ሻምፒዮኑ የግድ ሊገጥመው ወደሚገባው ቀዳሚ ተፎካካሪነት በደረጃ ሰንጠረዥ መውጣት ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ዓመታት ይበላል።

እነዚያ ዓመታት ናቸው የሚያሳስቡኝ። በዝረራ የሚያሸንፍ ሰው በሦስተኛው ዙር ወደ ቤቱ ሲሄድ እናንተ 12 ዙር ትሠራላችሁ፤ ትልልቅ ተፋላሚዎችም ፈጣን ስለሆናችሁ ለልምምድ ግጥሚያ ይፈልጓችኋል፣ ክፍያውም ይማርካል፣ በዚያ የምትቀበሉት ቡጢ ግን በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም። በርድ በ2008 ኪሎውን በእጅጉ ቀንሶ በቀላል ከባድ ሚዛን ለመሞከር ሲወርድ 37 ዓመቱ ነበር፤ በዘጠነኛው ዙር ተሸነፈ። ኪሎው ቢቀንስም ያለፉት ዓመታት አብረውት ነበሩ።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በኋላ የግጥሚያውን ቪዲዮ ከፍታችሁ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዙሮች ብቻ እዩ፤ ፊታችሁ ላይ በትክክል ያረፉትን ቡጢዎች ቆጥራችሁ በደብተር ላይ ከቀኑ ጋር ጻፉ። ተጋጣሚዎቻችሁ ያልተሻሉ ሆነው ሳለ ቁጥሩ በሁለት ተከታታይ ግጥሚያዎች ላይ ከጨመረ፣ ቀጣዩን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ያንን ደብተር ይዛችሁ ወደ አሰልጣኛችሁና ወደ ሐኪም ሂዱ።