ውሃው ይወጣል፣ ግን ይበቃል ወይ?

የአንባቢያን የቴክኒክ ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከኮምቦልቻና ከደሴ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ የሦስቱም ጣጣ ግን በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር፣ ማለትም የማቀዝቀዣው ጋዝ ሙቀቱን ለውሃ የሚያስረክብበት ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ የምሠራው ግን ጅቡቲ ወደብ ላይ የጀልባ ኤሲ ጥገና ነው። አሁን ለበዓል አገር ቤት ገብቼ ነው የምጽፍላችሁ። አንድ 16,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ኤሲ አስቸግሮኛል። ጀልባው ቆሞ ሳለ ሩብ ሰዓት ያህል ደህና ይሠራና በከፍተኛ ግፊት ይቆማል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ጋዝ ጨምሮበታል። እኔ የባሕር ውሃ ማጣሪያውን አጥቤ መለስኩት፤ ጭራሽ ባሰበት። በጎን በኩል ውሃ ሲወጣ ይታያል። ችግሩ ምን ይሆን?

መልስ፦ ጋዙን ለጊዜው ይተዉት። «ውሃ ሲወጣ ይታያል» ያሉት ላይ ነው ነገሩ ያለው። መውጣቱን ሳይሆን ስንት ሊትር እንደሚወጣ ነው ማወቅ የሚገባዎት። የጀልባ ኤሲ ለ12,000 ቢቲዩ በደቂቃ 11 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። የእርስዎ 16,000 ስለሆነ 15 ሊትር ግድም ይሆናል። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከመውጫው ሥር ይያዙና በስልክዎ ይቁጠሩ። በ40 ሰከንድ ከሞላ ፍሰቱ ደህና ነው፤ አንድ ደቂቃ ካለፈ በሽታው ተገኘ። መውጫው እጅ የማይደርስበት ከሆነ ከኮንደንሰሩ የሚወጣውን ቱቦ ውስጥ ላይ ነቅለው ወደ ባልዲው ያዙሩት። ታዲያ ጫፉን ከመውጫው ቀዳዳ ከፍታ እኩል ይያዙት፤ ዝቅ ካደረጉት ውሃው ስለሚፈጥን ቁጥሩ ያታልልዎታል።

ባልዲው ሲሞላ ቴርሞሜትር ይንከሩበት፣ የባሕሩንም ውሃ ይለኩ። ፍሰቱ ሙሉ ከሆነ የሚወጣው ውሃ ከሚገባው በ6 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ልዩነቱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ውሃ አንሷል። ባልዲው በ40 ሰከንድ ሞልቶ፣ ልዩነቱም 6 ሆኖ፣ ግፊቱ ግን አሁንም ከፍ ካለ ጥፋቱ ውሃው ማነሱ አይደለም፤ ወይ ኮንደንሰሩ ውስጥ ውሃው የተወው ቅርፊት ይዟል፣ ወይ ጋዙ በዝቷል። እነዚህን ሳይለይ ጌጅ (የጋዝ ግፊት መለኪያ) የሚያስር ባለሙያ ብዙ ነው፤ የእርስዎ ኤሲ ላይ የተጨመረው ጋዝም የመጣው ከዚያ ይመስለናል። በጅቡቲ የሙቀት ወራት ደግሞ የባሕሩ ውሃ ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሆኖ ስለሚገባ ትንሽ የፍሰት ጉድለት ወዲያው ያስቆማል።

ከታጠበ በኋላ ባሰበት ማለትዎ ወደ አየር ይጠቁማል። የጀልባ ኤሲ ፓምፕ ውሃን እያሽከረከረ የሚገፋ እንጂ አየር የሚስብ አይደለም። ማጣሪያው ሲከፈት የገባ አየር ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) መሐል ከተቀመጠ ሞተሩ ይዞራል፣ ውሃው ግን ይቀጥናል ወይም እየተፋ ይወጣል። ማስተንፈስ አለብዎት። ፓምፑን ያጥፉ፤ የባሕር ውሃ መግቢያ ቫልቩ ክፍት ይሁን። በፓምፑ መውጫ በኩል ያለውን ቱቦ ፋሼታውን (ማሰሪያ ቀለበቱን) አላልተው በትንሹ ሳብ ያድርጉት። መጀመሪያ አረፋ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፣ ቀጥሎ ውሃው ያለ አረፋ ይፈሳል። ያን ጊዜ መልሰው ያጥብቁና ፓምፑን ያስነሱ። ከእንግዲህ ማጣሪያውን ባጠቡ ቁጥር ጎድጓዳውን በውሃ ሞልተው ክዳኑን ይግጠሙ፤ ጓርኒሲዮኑን (የክዳኑን የላስቲክ ማሸጊያ) ጠርገው ቅባት ያስነኩት። አንድ ጭረት ያለበት ጓርኒሲዮን ፓምፑ ቆሞ ሳለ ጠብ ላያደርግ ይችላል፣ ሲሠራ ግን አየር ያስገባል። ስለዚህ «አያፈስም» ብለው አይለፉት።

አስተንፍሰውም በማግስቱ ከተመለሰ አየሩ የሚጠራቀምበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቱቦው ከመግቢያው ቫልቭ እስከ ማጣሪያው፣ ከማጣሪያው እስከ ፓምፑ፣ ከፓምፑ እስከ ኮንደንሰሩ ሳያቋርጥ ሽቅብ መውጣት አለበት። በመሐል እንደ ግመል ሻኛ ጉብ ያለች ቦታ ካለች አየሩ እዚያ ይቀመጣል። ፓምፑ ራሱ ከባሕሩ ውሃ ወለል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መታሰር አለበት፤ ጀልባው ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ጭምር። ኤልቦ (የቱቦ ማጠፊያ) በበዛ ቁጥር ፍሰቱ ይቀንሳል፤ ዘጠና ዲግሪ ኤልቦ ቱቦውን ከግማሽ ሜትር በላይ እንዳስረዘሙት ይቁጠሩት።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ መግቢያው ጋ ይሂዱ። ቫልቩን ዘግተው፣ የእንጨት ውታፍ በእጅዎ ይዘው፣ ከቫልቩ በላይ ያለውን ቱቦ ይንቀሉ። ቀስ ብለው ሲከፍቱ ውሃው ተወርውሮ መምጣት አለበት። እየተንጠባጠበ ከመጣ ፌስታል ወይም የባሕር ዛጎል ዘግቶታል። ወደብ ላይ ፌስታል የተለመደ ነው፤ ፓምፑ ሲሠራ ቀዳዳው ላይ ይለጠፋል፣ ሲጠፋ ይለቃል፣ ጠላቂ ሲወርድ ምንም አያገኝም። በመምጠጫው በኩል ያለውንም ቱቦ ፓምፑ እየሠራ ይዳስሱት። በሙቀት የለሰለሰ ቱቦ ወደ ውስጥ ይጣበቃል፤ ፓምፑ ሲጠፋ ተመልሶ ስለሚነፋ በዓይን አይታይም።

ጋዙን በተመለከተ፣ የተጨመረው ስንት እንደሆነ ስለማይታወቅ ፍሰቱ ከተስተካከለ በኋላ ሁሉንም አውጥተው፣ ቫኪዩም ሠርተው (በውስጡ የቀረውን አየር በፓምፕ መጥጠው)፣ የኤሲው መለያ ላይ በተጻፈው ክብደት በሚዛን ይሙሉት። በግምት አይቀንሱ።



ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የበረዶና የቀዝቃዛ መጋዘን አለኝ። ኮንደንሰሩ በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው፣ 36,000 ቢቲዩ ገደማ ነው። ውሃውን መሬት ውስጥ ከተቀበረ 5,000 ሊትር ታንከር በፓምፕ ስቤ መልሼ እዚያው አፈሳለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት አስነሥቼ ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም ይቆምብኛል። ፓምፑም ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኳኳል። የሸጠልኝ ሰው «8 ሜትር ይስባል» ብሎኝ ነበር፤ የእኔ 5 ሜትር ተኩል ብቻ ነው።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው፤ አንዱን ቢጠግኑ ሌላው ያስቆምዎታል።

የሚንኳኳው ጠጠር አይደለም፣ ውሃው ፓምፑ ውስጥ እየፈላ ነው። ፓምፕ ውሃን ጎትቶ አያመጣም፤ የአየሩ ክብደት ነው ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ሊያነሣ ይችላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ይህ ወደ 8.2 ይወርዳል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ 7.6 ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩ የነገረዎት 8 ሜትር በባሕር ጠለል ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ ከ6 አይበልጥም፤ የቧንቧው ሰበቃና የፉት ቫልቩ (ውሃው እንዳይመለስ የቧንቧው ታችኛ ጫፍ ላይ የሚታሰረው) ሲቀነስ 5 ሜትር ተኩል አያስኬድም። ፓምፑን በጉድጓድ ወደ ታች አውርደው ከውሃው በ3 ሜትር ውስጥ ያድርጉት፣ የመምጠጫውንም ቧንቧ በአንድ ቁጥር ያወፍሩት። ከሁሉ የሚሻለው ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ነው፤ መግፋት እንጂ መሳብ ስለሌለበት ይህ ጣጣ አይነካውም።

ሁለተኛው ሂሳብ ነው። መጋዘኑ የሚያወጣው ሙቀት ከኮምፕሬሰሩ ጋር ተደምሮ 13 ኪሎ ዋት ያህል ይሆናል። 5,000 ሊትር ውሃ በዚህ ሙቀት በሰዓት 2.2 ዲግሪ ይጨምራል። ጠዋት 20 ዲግሪ የነበረው ውሃ ከ6 ሰዓት ሥራ በኋላ 33 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። 8 ሰዓት ላይ መቆሙ እንግዲህ አያስገርምም፤ ታንከሩ እየቀዘቀዘ ሳይሆን ሙቀት እያጠራቀመ ነው። የተቀበረ ታንከር ዙሪያው አፈር ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። የሚመለሰውን ውሃ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ኩሊንግ ታወር (ውሃን በአየር እያስተነነ የሚያቀዘቅዝ ማማ) ላይ ያሳልፉት። የኮምቦልቻ አየር ደረቅ በሆነባቸው ወራት በደንብ ይሠራል። የሚተነውን ውሃ በየቀኑ መተካት አለብዎት፤ 13 ኪሎ ዋት በሰዓት 20 ሊትር ያህል ያስተንናል። ታወሩን እስኪያገኙ መመለሻውን ከመምጠጫው በታንከሩ ተቃራኒ ጫፍ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሆጤ። ኮንደንሰሬ ቅርፊት ይዟል። የባትሪ አሲድ ባስገባበት ያጸዳልኛል?

መልስ፦ አይሆንም። የውሃ ቅርፊት በአብዛኛው የኖራ ዘር ነው፤ የባትሪ አሲድ ሲነካው ወደ ጂፕሰም ይለወጣል፣ ጂፕሰም ደግሞ በውሃ እምብዛም አይሟሟም። ቱቦውን ይባስ ይደፍነዋል። በምትኩ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ይግዙ፤ ሎሚ ውስጥ ያለው ያው ነው። 500 ግራም በ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ባልዲ ያሟሙ። ኤሲውን አጥፍተው፣ ትንሽ ፓምፕ ባልዲው ውስጥ ነክረው፣ ከወትሮው ፍሰት በተቃራኒ ለ45 ደቂቃ ያዙሩት። አረፋ እስካለ ድረስ እየሠራ ነው፤ አረፋው ከቆመና ፍሰቱ ካልተሻሻለ አዲስ ይበጥብጡ። ጓንትና መነጽር ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ። በረኪና ከዚህ ጋር እንዳይነካካ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሲጨርሱ 10 ደቂቃ ያህል በንጹህ ውሃ አጥበው ባልዲው በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይቁጠሩ።

ቅርፊቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመለስ ለማወቅ የቤትዎን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ይመልከቱ። ነጭ ሆኖ በጥፍር የሚፈረፈር ከሆነ ኮንደንሰሩን በየ6 ወሩ ያጽዱ።