ጊር ለመሄድ ላሰብከው ወንድሜ፦ የያዝከው ፈቃድ የጫካው መሆኑን እይ

ሰላም ወንድሜ። «ራጅኮት ነው የምማረው፣ ለዲዋሊ (የሂንዱዎች የብርሃን በዓል) እረፍት ጊር ሄጄ አንበሳ ማየት እፈልጋለሁ፤ ለኤጀንት ከፍዬ ልሂድ ወይስ ራሴ ልሞክር?» ብለህ ለጠየቅከው ነው የምመልሰው። እኔም ማስተርሴን የተማርኩት እዚያው ምዕራብ ሕንድ፣ ጉጃራት ክፍለ ግዛት ነው፤ ያንተ ራጅኮትም፣ አንበሶቹ ያሉበት የጊር ጫካም እዚያው ናቸው። ጊር ሁለቴ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ገንዘቤን በላው፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

1. ለኤጀንት አትክፈል። ፈቃዱ በጉጃራት የደን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ነው የሚቆረጠው፤ በስልክህ ትጨርሰዋለህ። ግን ስትፈልግ ቀድሞ የመጣልህን ገጽ ሁሉ አትመን፣ አስመስለው የሠሯቸው የሌባ ገጾች አሉ። የምትሞላው የፓስፖርት ቁጥርህን ነው፤ እዚያ ስትደርስ ዋናውን ፓስፖርት ያዩታል፣ በተማሪ መታወቂያ አትተማመን። የውጭ ዜጋ ዋጋ ከሕንዳዊው ብዙ እጥፍ ነው፣ ያናድዳል፣ ግን ክፈለው። የክፍል ጓደኛህ «እንደ ሕንዳዊ አድርጌ ላስመዝግብህ፣ ይረክሳል» ካለህ እንዳትቀበል።

2. የጫካው ሳፋሪና ዴቫሊያ አንድ አይደሉም። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ልክ እንዳንተ ለዲዋሊ ሦስት ሐበሾች ሆነን ተነሳን። አንድ የከተማ ኤጀንት «የጊር ሳፋሪ ነው፣ አንበሳ መቶ በመቶ ታያላችሁ» ብሎ ገንዘባችንን ተቀበለን። የእኔ ድርሻ ብቻ ከስኮላርሺፑ የማገኘው የሁለት ወር የኪስ ገንዘብ ነበር። ሌሊቱን በአውቶብስ ተጉዘን ጁናጋድ ከተማ ገባን፣ ከዚያ የጫካው መግቢያ ወደሆነችው ሳሳን መንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ወረቀቱን ስናሳይ ወደ ዴቫሊያ መሩን። ዴቫሊያ የታጠረ ቦታ ነው፤ ስፋቱ አራት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውቶብስ ትዞራለህ፣ አንበሶቹ ጥላ ሥር ተኝተው ታያቸዋለህ፣ ትወጣለህ። ቦታው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ይመቻል። እኛ የከፈልነው ግን ለጫካው ነበር፤ ወረቀቱ ላይ «ጊር» የሚል ስላለበት ማናችንም ልብ አላልነውም።

ለኤጀንቱ ደወልኩለት። «ጊር አይደል የሚለው? አንበሳ አላየህም?» አለኝ። ልከራከረው ስል «እናንተ አፍሪካ አንበሳ ሞልቶላችሁ፣ እዚህ ምን አስመጣህ?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ከዚያ በኋላ አላነሳም። የጫካው ፈቃድ ደግሞ ለዚያ ሳምንት አንድም አልቀረም፤ ጫካው ከሰኔ 16 እስከ ጥቅምት 15 (በፈረንጅ) ዝግ ስለሆነ፣ በተከፈተ ማግስት ለዲዋሊ ጉጃራት በሙሉ ይጎርፋል።

ያቺ ንግግሩ ከገንዘቡ በላይ አበሳጭታኛለች። ምን እንዳስመጣኝ አውቃለሁና። የእስያ አንበሳ ድሮ ከቱርክና ከሶርያ ጀምሮ እስከ መካከለኛው ሕንድ ይኖር ነበር፤ ዛሬ በዱር ያለው ጊርና አካባቢው ብቻ ነው። በፈረንጅ 1900 አካባቢ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው የጁናጋድ ናዋብ (የአገሩ ገዥ) አደኑን ከለከሉ። በ1965 ጫካው በሕግ ተጠበቀ። በ2020 ቆጠራ 674 ነበሩ፣ በ2025 ደግሞ 891 ደረሱ። ይህን ያደረገ አገር በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነው የሄድኩት!

በቀጣዩ ዓመት በሚያዝያ ብቻዬን ተመለስኩ። ፈቃዱን ራሴ ቆረጥኩ፣ የሥራ ቀን መረጥኩ (ቅዳሜና እሁድ ዋጋው ይጨምራል)፣ «ዴቫሊያ» የሚል ቃል እንደሌለበት ሦስቴ አነበብኩት። ሙቀቱ ይጠብሳል፣ ግን ውሃ ስለሚጎድል እንስሳቱ ወደ ኩሬዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ቅጠሉም ስለረገፈ ዓይን ሩቅ ያያል። ለጂፑና ለአስጎብኚው እዚያው ለብቻ ነው የሚከፈለው፣ ጥሬ ገንዘብ ያዝ። በየትኛው መስመር እንደምትገባ እነሱ ናቸው የሚመድቡህ፣ አትጨቃጨቅ።

ከገባን አንድ ሰዓት አልፎ ምንም አላየንም። ድንገት አስጎብኚው ሞተሩን አስጠፋ። ቺታል የሚሉት ነጠብጣብ አጋዘን ደጋግሞ ጮኸ፣ ዛፍ ላይ ያለው ጦጣም ተቀበለው። ከደረቀው የቲክ ዛፍ ቅጠል ውስጥ አንዲት እንስት ሁለት ደቦሎች አስከትላ ወጣች፣ ከኋላ ወንዱ። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ያየኸው የእኛ አንበሳ ጎፈሩ ጠቁሮ እስከ ደረቱና ሆዱ ይወርዳል አይደል? የዚህኛው ሳሳ ያለ ነው፣ ጆሮዎቹ ይታያሉ፣ ሆዱ ሥር ተንጠልጥሎ የሚሄድ የቆዳ እጥፋት አለው። ዞር ብለው እንኳ ሳያዩን መንገዱን አቋርጠው ሄዱ። ብዙም ሳንርቅ አንድ ማልዳሪ እረኛ ዱላ ብቻ ይዞ ለማዳ ጎሾቹን ሲነዳ አገኘነው። እነዚህ ሰዎች ጫካው ውስጥ ከአንበሳ ጋር ይኖራሉ፣ ከብትም ይበላባቸዋል። በአክብሮት ሰላም በላቸው፣ ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ጠይቅ።

ስትመለስ ጃምቡር ጎራ በል። የሲዲዎች መንደር ነው፤ ቅድመ አያቶቻቸው ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ፣ ጉጃራቲ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። አንዲት እናት ፊቴን አይተው እጄን ይዘው ቤት አስገቡኝ፣ ሻይ ሳልጠጣ አልለቀቁኝም። ቋንቋ አልነበረንም። ያ ኤጀንት «ምን አስመጣህ» ላለኝ መልሱን ያገኘሁት እዚያ ቤት ተቀምጬ ነው።

ለዲዋሊው አሁኑኑ ቁረጥ፤ ካጣህ ለመጋቢት ወይም ለሚያዝያ አዛውረው። ዴቫሊያንም ማየት ካማረህ ረቡዕ ዝግ ነው። ፓስፖርትህን ለእድሳት ዴልሂ ኤምባሲ ልከህ ከሆነ ደግሞ፣ እጅህ እስኪገባ ምንም ቀን አትያዝ።